ለአንድ ባልዲ ሁለት ሽማግሌ

እግር ያለው ሁሉ መሮጥ የሚችል ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። እኔ በማውቀው ሰው የሚሮጠው ወይ ሲቸኩል ነው፤ ወይ ሲባረር ነው፤ ወይ ፈጣሪ ሳንባ ሲሰጠው ነው። ፈቃድ የሚጠይቅ ሯጭ አይቼ አላውቅም። እዚህ ካሊፎርኒያ ግን እግርም ወረቀት ይጠየቃል። በተለይ ኮሌጅ የገባ እግር።

ይህን ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ ብሌን ናት። ብሌን ኦክላንድ ተወልዳ እኔ እጅ ላይ ነው ያደገችው። ትንሽ ልጅ ሆና አውቶቡስ ካመለጣት የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ቀድማው ቆማ ትጠብቀው ነበር። ሯጭ መሆኗን መጀመሪያ የነገረኝ ሾፌሩ ነው፤ "ይህችን ልጅ ወይ በጊዜ አስነሺልኝ፣ ወይ አሠልጣኝ ፈልጊላት" አለኝ። በጊዜ መነሳቱ ስላልሆነላት አሠልጣኝ ተገኘላት። ሳን ሆዜ በኩል ያለ አንድ ኮሌጅ ወሰዳት። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ስም ነገር ይጎትታል። የምትሮጠው በአስፋልት አይደለም፤ በኮረብታና በጫካ ነው። ክሮስ ካንትሪ ይሉታል። ፍየል በነጻ የምትሮጠውን እነሱ ማልያ አሰፍተውለታል።

ታዲያ አንድ ቀን ደወለችና፣ "እማማ፣ አይ ኤም ኖት ኤሊጂብል" አለችኝ።

እኔ የእንግሊዝኛ ችግር የለብኝም። ትምህርት ቤቱን ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ነው የተውኩት፤ ግን ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሰው አልጋ የምታነጥፍ ሴት ፊት የማይናገረው ነገር የለም። ጆሮዬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል ማለት ይቻላል። ይህች ቃል ግን ሆቴል አርፋ አታውቅም።

"ታመምሽ?" አልኳት። "ኖ፣ እማማ።" "አረገዝሽ?" "እማማ!" "ታዲያ ምን ሆንሽ?"

አስረዳችኝ። ሕጉ እንዲህ ነው። ለኮሌጅ የሚሮጥ ልጅ በቂ ትምህርት መያዝ አለበት። የያዘውንም ማለፍ አለበት። ውጤቱ ከተባለው መስመር ዝቅ ካለ፣ እግሩ ነፋስ ቢቀድም አይሮጥም። ዳር ቆሞ ለጓደኞቹ ውኃ ያቀብላል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሕጉን ወደድኩት። እኔን በልጅነቴ "ውኃ ሳትቀጂ ትምህርት ቤት አትሄጂም" ነበር የሚሉኝ። እዚህ "ሳትማሪ አትሮጪም" ይላሉ። የቱ ይሻላል? የወደቀው በኔ ልጅ ላይ ባይሆን ኖሮ ቆሜ አጨበጭብለት ነበር።

የወደቀችበት ትምህርት ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ድንጋይ! ጂኦሎጂ ይሉታል። ድንጋይ አደናቅፎት የወደቀ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ በድንጋይ ትምህርት የወደቀ ሰው ግን ብሌን የመጀመሪያዬ ናት። ባለፈው መንፈቅ መጻፍ የነበረባትን ሪፖርት አልጻፈችም። አስተማሪዋ አዝና ቀን ጨመረችላት። የተጨመረውም ቀን አለፈ። ሪፖርቱ ካልገባ ውጤቷ ይወድቃል፤ ውጤቷ ከወደቀ በኮንፈረንሱ ውድድር አትሮጥም። ውድድሩ ደግሞ ደጅ ላይ ነው።

ኮንፈረንስ የሚሉት ነገር እንደ ዕድር ነው። ጎረቤት ኮሌጆች ይሰበሰቡና እርስ በርሳቸው ይጋጠማሉ። በዕድር ውስጥ ደግሞ የማይዋደዱ ሁለት ቤቶች አይጠፉም፤ አይደል? የብሌን ኮሌጅና ኦክላንድ በኩል ያለው ኮሌጅ እንደዚያ ናቸው። በምን እንደተጣሉ የሚያስታውስ የለም። የሚጣሉበት ዕቃ ግን አለ። ባልዲ። አሮጌ የቆርቆሮ ባልዲ! በሩጫ ያሸነፈው ቡድን ባልዲውን በራሱ ቀለም ይቀባና መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ከአያቶቻቸው ጀምሮ ሲቀቡት ሲቀቡት፣ ከቀለሙ ውፍረት የተነሳ አሁን አንድ ጣሳ ውኃም አይይዝም አሉ። የኛ ሰው በድንበር ይጣላል፤ በውርስ ይጣላል። ውኃ በማይቀዳበት ባልዲ ሲጣላ ግን አላየሁም።

እንዲህ እያልኩ ስስቅ ነበር። ነገሩ ቤቴ ድረስ እስኪመጣ።

የዚያኛው ኮሌጅ ሯጭ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ፌቨን፤ የለተብርሃን የልጅ ልጅ። ለተብርሃን አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ከኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ የምትኖር ጓደኛዬ ናት። መንግሥታት ተጣልተው ድንበር ሲዘጉ እኛ ሽንኩርት ስንበዳደር ነው የኖርነው። ጦርነት ያላለያየንን ሰዎች ባልዲ ሊለያየን ሆነ። ዓምና ባልዲው ወደነሱ ሲሄድ፣ ደረጃው ላይ ባገኘችኝ ቁጥር "የሺዬ፣ ውኃ የምትቀጂበት አጣሽ እንዴ?" እያለች አቃጠለችኝ። ዘንድሮ ይህን ሳቋን በብሌን እግር ልዘጋው ተዘጋጅቼ ተቀምጬ ነበር። አሁን እግሩ ታሰረ።

ለልጄ ደወልኩ፤ ለብሌን እናት። ማውንቴን ቪው ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። "እማዬ፣ ሚቲንግ ላይ ነኝ። እሷው ኢሜል ታድርግላት" ብላ ዘጋችው። ኢሜል! የበደሉት ሰው በኢሜል ይለመናል? ደጅ ይጠናል እንጂ! ሽማግሌ ይላካል እንጂ!

ሽማግሌ ሲባል ደግሞ አቶ በላቸው አሉ። አቶ በላቸው ታክሲ ሲነዱ አርጅተው አሁን የሚነዱት የሰው ትዳር ነው። የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ እሳቸው ጋ ይሄዳል። ሲፈርዱ ዘመድ አያውቁም ይባላል። አንድ ጊዜ ለእህታቸው ልጅ ሚስት ሊለምኑ ተላኩ። የልጅቷ አባት "ልጁ ምን ዓይነት ነው?" ቢሏቸው፣ "እንቅልፍ ይወዳል፤ ሳህን አያጥብም፤ ሲነግሩት ያኮርፋል" ብለው ዘረዘሩት። የላኳቸው ሰዎች አቀርቅረው ቀሩ። ልጅቷን ግን ሰጧቸው! ለምን እንደሰጧቸው ያኔ አልገባኝም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ አሉ፤ እኔም የአቶ በላቸውን ሽበትና ከዘራ አይቼ አመላቸውን ረሳሁት።

እሺ አሉኝ። ብቻቸውን ግን አይሆንም። ሌላ ያሰብኳቸው ሰው ሬድውድ ሲቲ ነው የሚሠሩት፤ ፈረቃቸው አላስወጣቸውም። አቶ በላቸው ትንሽ አሰቡና "ወይዘሮ ለተብርሃን ይምጡ" አሉ።

"የባላጋራ አያት!" አልኳቸው።

"ለዚህ እኮ ነው። የባላጋራ ምልጃ ይሰማል።"

"እኔስ?"

"እርስዎማ ባለጉዳይ ነዎት። ባለጉዳይ ሽማግሌ አይሆንም። መምጣት ይችላሉ፤ መናገር ግን አይችሉም።"

እኔን! መናገር አትችይም! ምን ላድርግ፤ ለብሌን ስል ምላሴን ጥርሴ ሥር አስቀመጥኩ።

ለለተብርሃን ስነግራት የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። ነጠላዋን አነሳችና "ፌቨን ብቻዋን ሮጣ ባልዲ ብታመጣ ምን ክብር አለው? ነይ እንሂድ" አለችኝ። ለዚህ ነው ጓደኛዬ የሆነችው፤ ሌላው ሁሉ አመሏ ነው።

በአቶ በላቸው አሮጌ ታክሲ ተነሳን። የሳን ሆዜን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ከሚነዳው የሚቆመው ይበዛል። ለተብርሃን በመስኮቱ እያየች "ፌቨን ብትሆን ይኼኔ በእግሯ ደርሳለች" አለች። "ብሌን ደርሳ ተመልሳለች" አልኩ። አቶ በላቸው በመስታወቱ አዩኝና "ተነጋግረናል፣ ወይዘሮ የሺ" አሉ። ዝም አልኩ።

ብሌን ሕንጻው በር ላይ ጠበቀችን። የአቶ በላቸውን ከዘራ አየች፤ የለተብርሃንን ነጠላ አየች፤ የኔን ዝምታ አየች። ያስደነገጣት ዝምታዬ ነው መሰለኝ። "ኦ ማይ ጋድ። እማማ፣ ፕሊስ፣ ጎ ሆም" አለችኝ። አቶ በላቸው ግን "ነይ ቅደሚ፤ አስተርጓሚዋ አንቺ ነሽ" ብለው አስከትለዋት ገቡ።

የአስተማሪዋ ቢሮ ጠባብ ናት። መደርደሪያው ከታች እስከ ላይ ድንጋይ ነው። ሴትዮዋ ጸጉሯ የነጣ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ የኔ እኩያ የምትሆን ናት። ወንበር አሳየችን። አልተቀመጥንም። ውኃ ሰጠችን። አልጠጣንም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ አይቀምስም። እሷ ይህን በምን ታውቃለች? ወደ ብሌን ጠጋ ብላ "ተቆጥተዋል እንዴ?" ብላ ስትጠይቃት ሰማሁ።

ለተብርሃን ጀመረች። ምን ልበላችሁ፤ ለራሷ ልጅ እንዲህ አትለምንም። ልጅ ናት አለች፤ አጥፍታለች አለች፤ የኔ የልጅ ልጅ የምትሮጠው ለባላጋራው ኮሌጅ ነው፤ እኔ ግን ስለዚህች ልጅ እዚህ ቆሜያለሁ አለች። ብሌን አስተረጎመች። ሴትዮዋ በትሕትና ሰማችና ራሷን ወዘወዘች። ቀኑ አልፏል፤ ቀን ደግሞ ለሁሉም ተማሪ ያው ነው፤ አሠልጣኙም ለምኖኝ እምቢ ብዬዋለሁ አለች።

ያኔ የለተብርሃን ዓይን መደርደሪያው ላይ ዐረፈ።

ታውቃላችሁ፤ በኛ ወግ የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ለዚህ ደግሞ ከዚያ ቢሮ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? ለተብርሃን የዳቦ ያህል የሆነ ጥቁር ድንጋይ በሁለት እጇ ብድግ አደረገች፤ ብሌንን "ተንበርከኪ" አለቻት፤ ማጅራቷ ላይ ጫነችባት።

ሴትዮዋ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። በዚያ ዕድሜ እንዲህ የሚዘል ሰው አላየሁም፤ ለኮንፈረንሱ ውድድር ትሆን ነበር። "ዶንት ተች ዘ ሳምፕልስ!" አለች። ለካ ድንጋዩ እንደኛ ድንጋይ አይደለም፤ ከባሕር ሥር የወጣ፣ ቁጥር የተጻፈበት፣ በባዶ እጅ የማይነካ የተከበረ ድንጋይ ኖሯል። ብሌን ከነድንጋዩ ተንበርክካ "አይ ኤም ሶሪ፣ ዊ ኣር ሶሪ" ትላለች። ለተብርሃን "ድንጋዩ ሲከብድ ይቅርታውም ይከብዳል በያት!" ትላለች። ሴትዮዋ ፊቷ ከድንጋዮቿ አንዱን መሰለ። እኔ አፌን ስከፍት አቶ በላቸው ከዘራቸውን ብድግ አደረጉ። ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

አቶ በላቸው ድንጋዩን ከብሌን ማጅራት አንስተው ወደ ቦታው መለሱ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። "የኛን ሰምተዋል። አሁን ደግሞ የእርስዎን ይንገሩን። ልጅቷ ምን በደለችዎ?"

ሴትዮዋ ይህ ሲተረጎምላት ቀስ ብላ ተቀመጠች። ስለ ነጥብ የሚለምናት ሰው ሞልቷል። "ምን ተበደልሽ?" ያላት ግን እስከዚያን ቀን ያልነበረ መሰለኝ። ተናገረች። ተማሪዎቿን ባሕር ዳር ገደል ድረስ ወስዳ የተነባበረውን አለት ስታሳይ ብሌን ስልኳን ስትነካካ ነበር። ሪፖርቱን ዛሬ ነገ ስትል ነበር። ቀን ሲጨመርላት እንኳ አላመሰገነችም።

ይህን ሁሉ የምታስተረጉመው ብሌን ናት እንግዲህ። ጆሮዬን አቆምኩ። እንዳልኳችሁ እንግሊዝኛው አያመልጠኝም። ትቀንስ ይሆን? ያቺን "አላመሰገነችም" የምትለዋን ትውጣት ይሆን? አልዋጠቻትም። በዚያች በምትንገዳገድ አማርኛዋ "ቴንክ ዩ አላልኳትም አለች" ብላ ተናገረች። ድምጿ ተሰበረ።

አቶ በላቸው ወደሷ ዞሩ። "ታመሽ ነበር?" "ኖ።" "ለቅሶ ገጥሞሽ ነበር?" "ኖ።" "ታዲያ?"

"እየሮጥኩ ነበር" አለች። "አትሌት ስለሆንኩ... የምታልፈኝ መስሎኝ።"

አቶ በላቸው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። "እንግዲህ ጥፋቱ የልጅቷ ነው" አሉ። "ሪፖርቱን ትጽፋለች። ዕዳዋ ስለሆነ ትጽፋለች እንጂ ነጥብ አይሰጣት። ሩጫውም ዘንድሮ ይቅርባት። መምህሯን ይቅርታ ጠይቀናል። አስተርጉሚ።"

አያችሁልኝ? ጠበቃ ቀጥሬ ዓቃቤ ሕግ ይዤ መጥቻለሁ! የባላጋራዋ አያት ለተብርሃን እንኳ "ኧረ አቶ በላቸው!" ብላ ጮኸች። እኔማ ጭራሽ መናገር ተከልክያለሁ።

ብሌን ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ማስተርጎሙ የሷ ነው። "ይቅርታ ይጠይቃሉ" ብላ ብታልፈው ማን ያውቅባታል? እኔ ብቻ። እኔን ደግሞ ማን ያናግረኛል? አላለፈችውም። ነጥብ አይሰጣት የሚለውን፣ ሩጫው ይቅርባት የሚለውን፣ አንዲት ሳታስቀር ተረጎመችው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። በዚያች ደቂቃ ባልዲውን ረሳሁት። ይህችን ልጅ ያሳደግኩ እኔ ነኝ አልኩ በልቤ። ሪፖርት ያለመጻፉ ከእናቷ ነው፤ ይኼኛው ግን ከኔ ነው።

ሴትዮዋ መነጽሯን ከአንገቷ አንስታ ብሌንን አየቻት። ከዚያ፣ ነጥብ ስጪኝ የሚለኝ ተማሪ ሞልቷል፤ ያለ ነጥብ ይጻፍልሽ ተብዬ ግን አላውቅም አለች። እስከ ዓርብ ድረስ አምጪ። አነበዋለሁ። ከረባ ነጥቡን ታገኛለሽ፤ ካልረባ አታገኚም።

አቶ በላቸው ተቆጡ። "ፍርዴን አፈረሰችው እኮ! ታዲያ ያስፈረደችን ለምንድን ነው?" ብሌን ይህንንም ልትተረጉም አፏን ስትከፍት ክንዷን ቆነጠጥኳት። መናገር እንጂ መቆንጠጥ አልተከለከልኩም። ከዚያ ተቀመጥን። ውኃውንም ጠጣን።

ሪፖርቱን የጻፈችው እኔ ቤት ነው። ለተብርሃን ሾርባ ይዛ እየወረደች "ምን ያህል ቀረሽ?" ትላታለች። ከላይ ፎቅ ቴሌቪዥኗን ዝቅ አደረገችላት፤ ምሎ የሚነግረኝ ቢኖር አላምነውም ነበር። ዓርብ ገባ። አለፈች። ለጥቂት ነው፤ ቢሆንም በጥቂት ያለፈና በብዙ ያለፈ እኩል ነው የሚሮጠው።

ውድድሩ ኦክላንድ ኮረብታዎች ላይ ነበር። እኔና ለተብርሃን አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተከናንበን ቆምን። ፌቨን ፊት ስትሆን ለተብርሃን ጎኔን በክርኗ ትጎስመኛለች። ብሌን ስትደርስባት እኔ እመልስላታለሁ። ዛፎቹ ጋረዷቸው። ሁለታችንም መጎሳሰሙን ትተን እጅ ለእጅ ተያያዝን፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከዛፉ ሲወጡ ብሌን በስንዝር ቀድማለች። ባልዲው የኛ ሆነ። ለተብርሃን ብርድ ልብሱን ከላዬ ገፈፈችና "ያን ድንጋይ ማጅራቷ ላይ መልቀቅ ነበረብኝ" አለች። ልጆቹ ግን መጨረሻው መስመር ላይ ተቃቅፈው ይስቃሉ። የዛሬ ልጆች መጣላት እንኳ በወጉ አያውቁም።

እኔ ግን ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ሴትዮዋን ያራራት ልመና አይደለም። ሲለምኗት ድንጋይ ሆነች፤ ሲፈርዱላት ነው የለሰለሰችው። ለአቶ በላቸው እህት ልጅ ሚስት ያገኘለትም ያው ነው! ምሕረት የፈለገ ሰው የሚለምንለትን ሳይሆን የሚፈርድበትን ይላክ። ይህን ጥበብ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ያዝኩት።

በዓመቱ ፌቨን ወደቀች። ሒሳብ ነው አሉ። ውድድሩ ደርሷል። ባልዲው በኛ ቀለም ተቀብቶ በኛ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። እንዲያ እንዳለ ቢቀመጥ ማን ይጠላል?

ለተብርሃን ደወለችልኝ። "የሺዬ፣ አንቺ ውለታ አትረሺም። ሽማግሌ ሁኚልኝ" አለች።

"በደስታ!" አልኳት። "እንዲያውም እኔው እለምንልሻለሁ። የሒሳብ አስተማሪዋ እግር ላይ እወድቃለሁ። አለቅሳለሁ። ከፈለግሽ ድንጋይም ይዤ እመጣለሁ። አቶ በላቸውን ግን ተያቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በዚህ ዕድሜያቸው ማንገላታት ነውር ነው።"

ከዚያ ያ ሳቋ መጣ፤ በስልኩም፣ በጣሪያውም።

"አቶ በላቸውማ ከጠዋት ጀምሮ ታክሲው ውስጥ ቀበቷቸውን አስረው ተቀምጠዋል" አለችኝ። "ነይ ውረጂ። መናገር ግን አትችልም ብለዋል።"